ከጥቁር ካፖርት እስከ ባንዲራ፦ የሦስት ቀለማት ታሪክ



ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ ክርክር ነው። ባለፈው የካቲት የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ የዚህን መጽሔት ሽፋን ናሙና ሲመለከት፣ የአንዲት እህታችን ልጅ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገችና የሥዕል ንድፍ የምትማር ወጣት፣ ሦስት ቀለማት ብቻ ያሉበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከላይ ጥቁር፣ ከመካከል ቀይ፣ ከታች ወርቃማ ቢጫ ነበር። በዕድሜያቸው የምናከብራቸው አንድ አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና፦ «ይህማ የጀርመን ባንዲራ ነው! እኛ የራሳችን የለንም እንዴ?» አሉ። ልጅቱ ሳትደናገጥ፦ «ጋሼ፣ እኔ የሳልኩት ባንዲራ አይደለም። የእማዬን ወጥ ቤት ነው። ጥቁሩ የተቆላ ቡና፣ ቀዩ በርበሬ፣ ቢጫው እርድ ነው» ብላ መለሰች። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ አንቺ ወጥ ቤት በይው፤ የሚያየው ሰው ግን ባንዲራ ነው የሚለው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በስብሰባው የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ነገሩ ከሽፋን ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ደግሞ ወደዚያ ወደማይቀረው ጥያቄ ሄደ፦ በበዓሉ ዕለት የትኛው ባንዲራ ይሰቀል? ልሙጡ፣ ባለ ኮከቡ ወይስ ባለ አንበሳው? ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቤተሰቦች ከማኅበራችን እንደወጡ ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር አማርኛ ይማሩ ነበር። ሊቀ መንበራችን ስብሰባውን ለማብረድ ወደ እኔ ዞረው፦ «አንተ ታሪክ ተምረሃል፤ እስቲ የእነዚህን ቀለማት ነገር አጥንተህ ጻፍልን» አሉኝ። ተምረሃል የተባለው እንኳ በ1993 ዓ.ም. በሦስተኛ ዓመት ያቋረጥኩትን ትምህርት ነው። ያም ሆኖ ታክሲ ነጂ በተራ ጥበቃ ላይ ብዙ የማንበቢያ ጊዜ አለው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከባንዲራ ሳይሆን ከልብስ ነው። በ1813 ፕሩሲያ በናፖሊዮን ላይ ስትነሣ፣ ሻለቃ አዶልፍ ፎን ሉትሶቭ የተባለ መኮንን ብሬስላው ከተማ ውስጥ የበጎ ፈቃድ ጦር እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። ብሬስላው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ያለችው ቭሮትስዋፍ ናት። ወደዚህ ጦር የጎረፉት ከልዩ ልዩ የጀርመን ግዛቶች የመጡ ተማሪዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ጸሐፊዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም፤ የነበሩት ብዙ ነገሥታትና መሳፍንት ናቸው። ፈቃደኞቹ የመጡት እያንዳንዳቸው የየቤታቸውን ልብስ ለብሰው ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ ካፖርት ይዟል። የደንብ ልብስ የሚያሰፋ ገንዘብ ግን አልነበረም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ሁሉንም ጥቁር መንከር። ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም ዋጥ አድርጎ አንድ የሚያደርግ ቀለም ጥቁር ብቻ ነውና። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። እናቶቻችን ሐዘን ሲመጣ ያላቸውን ነጠላ ከል ነክረው ይለብሱ የነበረው አዲስ ልብስ መግዣ ስለተረፋቸው አልነበረም። ነጩ ወደ ጥቁር ይገባል፤ ጥቁሩ ግን ወደ ነጭ አይመለስም። የሉትሶቭ ሰዎች በጥቁሩ ካፖርት ጠርዝ ላይ ቀይ ቅምቅማት አደረጉበት፤ ቁልፎቹም ከናስ የተሠሩ ስለነበሩ እንደ ወርቅ ያብለጨልጩ ነበር። እንግዲህ ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ በዚህ መንገድ አንድ ላይ ቆሙ። ንድፍ ያወጣ ሠዓሊ አልነበረም። የወሰነው የኪስ አቅም ነው።

በጦርነቱ ይህ ጦር ያን ያህል ትልቅ ድል አላገኘም፤ ስሙን ያተረፉለት በውስጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ገጣሚው ቴዎዶር ኬርነር በ21 ዓመቱ በነሐሴ 1813 ወደቀ። በኋላ የሕፃናት መዋያን ለዓለም ያስተዋወቀው ፍሪድሪኽ ፍሬበል ከመካከላቸው ነበር። ኤሌዎኖረ ፕሮሃስካ የተባለች የፖትስዳም ልጅ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ የወንድ ስም ይዛ ገብታ፣ በመስከረም 1813 በገርደ ጦርነት ቆስላ ሞተች። ሠዓሊው ጌዎርግ ፍሪድሪኽ ከርስቲንግ እሱ ራሱ በዚያ ጦር ያገለገለ ሲሆን፣ የሞቱ ጓደኞቹን በ1815 በጥቁር ልብሳቸው በጫካ ውስጥ አድርጎ ሥሏቸዋል። ሥዕሉ በርሊን ይገኛል። የሥዕሉ ጫካ ጨለማ ነው፤ ሰዎቹም ጥቁር ለብሰዋል፤ እንዲያም ሆኖ ሥዕሉ አይቀዘቅዝም።

ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመለሱ። ሰኔ 12 ቀን 1815 ዬና ከተማ ውስጥ «አረንጓዴው ጥድ» በሚባል መሸታ ቤት ተሰብስበው የተማሪዎች ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በፊት ተማሪዎች በየመጡበት አገር ተከፋፍለው የሳክሶኑ ከሳክሶን፣ የባየርኑ ከባየርን ጋር ነበር ማኅበር የሚገቡት። አዲሱ ማኅበር ግን ሁሉም የጀርመን ልጅ ነው አለ። ቀለማቸውን ከሉትሶቭ ካፖርት ወሰዱ። በመጋቢት 31 ቀን 1816 የዬና ሴቶች ባንዲራ ሰፍተው አበረከቱላቸው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ ሆኖ ከመካከሉ የወርቅ የወይራ... ይቅርታ፣ የባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ የተጠለፈበት፣ ዘርፉም ወርቃማ የሆነ። ባሉጥ ለጀርመኖች እንደ እኛ ዋርካ ያለ የክብር ዛፍ ነው።

ይህንኑ ባንዲራ ይዘው በጥቅምት 18 ቀን 1817 ወደ ዋርትቡርግ ግንብ ወጡ። ወደ 500 የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም፤ ማታ እሳት አንድደው የጠሏቸውን መጻሕፍት ስም እየጠሩ ወደ እሳት ጣሉ። ከእነዚያም መካከል ዛውል አሸር የተባለ አይሁዳዊ ጸሐፊ የጻፈው አንዱ ነበር። ነፃነት ይፈልጉ የነበሩ ልጆች የሌላውን ሰው ሐሳብ አቃጠሉ። ይህን የሚያነሡ ጀርመናውያን ብዙ ናቸው፤ ያነሡትም በትክክል ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የልብስ ጉዳይ ሆነ። ወጣቶቹ ጥቁር ረጅም ካፖርት፣ ክፍት አንገትጌና ሰፊ የከፋይ ቆብ ይለብሱ ጀመር፤ «የጥንት ጀርመን ልብስ» ይሉት ነበር። ሠዓሊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ ጨረቃን ቆመው የሚመለከቱ ሁለት ሰዎች የሣለው ይህንኑ ልብስ አልብሶ ነው። ልብሱ በዚያን ጊዜ የተቃውሞ ምልክት ነበርና የዛሬ ሰው ጸጥ ያለ የጨረቃ ሥዕል ብሎ ቢያልፈው፣ የዘመኑ ፖሊስ ግን እንዲያ አላለፈውም። በመጋቢት 1819 አንድ ተማሪ ኮትሰቡ የተባለውን ደራሲ ከገደለ በኋላ መሳፍንቱ በካርልስባድ ተሰብስበው ተማሪዎችን የሚያፍን ድንጋጌ አወጡ። ማኅበሩ ተበተነ፣ ጋዜጣ በቅድመ ምርመራ ሥር ገባ፣ በየዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ዓይንና ጆሮ ተቀመጠ። ከትምህርቱ የተፈናቀለ ተማሪ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ዝም ብሎ ገጹን አይገልጥም። እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቀለማቱ ግን አልጠፉም። በግንቦት 27 ቀን 1832 ሃምባኽ ግንብ ላይ ከ20,000 እስከ 30,000 የሚገመት ሕዝብ ወጣ። ገበሬ፣ ወይን ጠማቂ፣ ተማሪ፣ ሴቶችም ጭምር ነበሩ፤ የፖላንድ ስደተኞችም ነበሩበት። ጥቁር፣ ቀይና ወርቅ የሕዝብ ቀለም ሆኖ የታየው ያን ቀን ነው። ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ እነዚህን ቀለማት በሪባንም በቆብም ማድረግ በሕግ ተከለከለ። ሪባን ያሰረ ሰው ይታሰራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። የታክሲ ፈቃድ ለማግኘት የከተማ ዕውቀት ፈተና በነበረበት ጊዜ፣ ስለ ትልቁ የኤሸንሃይመር መንገድ ስሸመድድ የቱርን ኡንድ ታክሲስ ቤተ መንግሥትን ቁጥር ይዤ ነበር። (አንዳንድ ባልደረቦቼ ታክሲ የሚለው ስም ከእነዚህ መሳፍንት የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ሒሳብ ከሚቆጥረው ታክሳሜትር ነው የመጣው።) በዚያ ቤት ነበር የመሳፍንቱ ጉባኤ የሚቀመጠው፤ ቀለማቱን በ1832 የከለከለውም እርሱ ነው። በመጋቢት 9 ቀን 1848፣ አብዮቱ በየከተማው ሲቀጣጠል፣ ያው ጉባኤ ጥቁር፣ ቀይና ወርቅ የጀርመን ቀለማት ናቸው ብሎ ወሰነ። ምክንያት ተብሎ የተሰጠውም ቀለማቱ ከጥንቱ ግዛት የመጡ መሆናቸው ነው፤ በወርቅ መደብ ላይ ጥቁር ንስር፣ ምንቃሩና ጥፍሩ ቀይ። ስለ ካፖርቱ አልተነሣም። የሥልጣን ሰው የተማሪን ቀለም ሲወስድ ከንጉሥ ያገኘው አስመስሎ ነው የሚወስደው።

በርሊንም የባሰ ነገር ታየ። ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም አራተኛ ወታደሮቹ በመጋቢት 18 ሕዝብ ላይ ከተኮሱ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቁር ቀይ ወርቅ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ በፈረስ ከተማውን ዞረ። በግንቦት 18 ደግሞ የመጀመሪያው የመላው ጀርመን ምክር ቤት እዚሁ ፓውልስኪርሸ ተከፈተ። ያ ክብ ቤተ ክርስቲያን በ1944 በቦምብ ተቃጥሎ፣ በመቶኛ ዓመቱ በ1948 ታድሶ የተከፈተው ነው። እንግዳ ስጭን ሁልጊዜ አሳያለሁ፤ አብዛኛው ስልኩን እያየ «እህ» ብሎ ያልፈዋል።

አብዮቱ ከሸፈ። ጀርመን በኋላ አንድ የሆነችው በፕሩሲያ ጦር ነውና በ1867 የሰሜኑ ኅብረት ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ያዘ፤ ከ1871 ጀምሮም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ቀጠሉ። ይህን በፍጥነት ማለፍ እወዳለሁ፤ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነውና።

በ1919 የቫይማር ሪፑብሊክ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ጥቁር፣ ቀይና ወርቅን መለሰ። ነገር ግን ሁሉንም ደስ ለማሰኘት የንግድ መርከቦች አሮጌውን ጥቁር ነጭ ቀይ፣ ከጥጉ ትንሽ ጥቁር ቀይ ወርቅ አድርገው እንዲይዙ ፈቀደ። አንድ አገር ሁለት ባንዲራ ይዛ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ የቀኙ ወገን የሪፑብሊኩን ወርቅ «ሰናፍጭ» እያለ ይሳለቅበት ጀመር። በ1924 ሪፑብሊኩን ለመጠበቅ የቆመ ትልቅ ማኅበር ስሙን በእነዚሁ ሦስት ቀለማት ሰየመ። በግንቦት 1926 ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ከአውሮፓ ውጭ ያሉና በአውሮፓ ወደቦች የሚገኙ የጀርመን ቆንስላዎች የንግዱንም ባንዲራ አብረው እንዲሰቅሉ አዘዙ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመራሔ መንግሥቱ የሃንስ ሉተር መንግሥት ወደቀ። ልብ በሉ፦ ሥራ አጥነት ባለበት፣ የጦርነት ዕዳ ባለበት አገር መንግሥት የወደቀው በጨርቅ ምክንያት ነው።

ያ ዘመን ግን የቀለምን ነገር በሥርዓት የያዘም ዘመን ነበር። ሪፑብሊኩ ኤድቪን ሬድስሎብ የሚባል ሰው በ1920 የመንግሥት የሥነ ጥበብ ኃላፊ አድርጎ ሾሞ ባንዲራውን፣ ቴምብሩንና የበዓል ማስጌጫውን ሁሉ እንዲያስተካክል አደረገ። በ1927 ደግሞ ራል በሚባለው ተቋም 40 ቀለማት ያሉት የመጀመሪያው የቀለም ሠንጠረዥ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ቀይ» የሚል ነጋዴ የትኛው ቀይ እንደሆነ በቁጥር መናገር ይችላል። የእኛ የታክሲ ነጂዎች ቀለምም ቁጥር አለው፤ ራል 1015፣ ፈዛዛ የዝሆን ጥርስ። እስከ 1971 ድረስ የዚህ አገር ታክሲ ጥቁር ነበር። ለውጡ የመጣው በማታ በቀላሉ እንዲታይ ነው፤ ዛሬ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ሌላ ቀለምም ይፈቅዳሉ። ሌሊት የሚነዳ ሰው ስለ ጥቁርና ቀይ አንድ ነገር ያውቃል። ሲመሽ ቀይ ከሁሉ ቀድሞ ይጠቁራል። በአመሻሽ የተሰቀለ የጀርመን ባንዲራ ካያችሁ ከሩቅ የሚታያችሁ ቢጫው ብቻ ነው፤ የላይኞቹ ሁለቱ አንድ ጨለማ ይሆናሉ። በጥንቱ የጋሻ ምልክት ሥርዓትም ቀይ ከጥቁር ጎን አይቀመጥም ነበር፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። ስለዚህ ለልጃችን የምሰጣት ምክር ቢኖር በቡናውና በበርበሬው መካከል ቀጭን የእርድ መሥመር አስገቢ የሚል ነው።

በመጋቢት 1933 ናዚዎች ቀለማቱን አወረዱ፤ ከ1935 ጀምሮ የእነርሱ ብቻ ሆነ። ጦርነቱ አብቅቶ በ1949 ሁለት ጀርመኖች ሲመሠረቱ ደግሞ የሚያስገርመው ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ጥቁር ቀይ ወርቅ መያዛቸው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በጠላትነት እየተያዩ አንድ ባንዲራ ሰቀሉ። ምሥራቁ በጥቅምት 1 ቀን 1959 መዶሻና ኮምፓስ በእሸት ዙሪያ ጨመረበት፤ ምዕራቡም «የከፋፋዮች ባንዲራ» ብሎ ሰየመው። በስፖርት ግን አብረው መቅረብ ነበረባቸውና በ1960 ሮም ኦሎምፒክ የገቡት በአንድ ቡድን፣ ከቀዩ ላይ የኦሎምፒክ ቀለበቶችን በነጭ አድርገው ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ሮም መሆኑ ነው። በ1964 ቶኪዮ ሲደግምም ጀርመኖቹ በዚያው ባንዲራ ነበሩ። ሁለቱ መንግሥታት በዚያን ጊዜ ገና አንዱ ለሌላው ዕውቅና አልሰጡም ነበር።

በ1989 መጨረሻ የምሥራቅ ሰዎች ወደ አደባባይ ሲወጡ አንዳንዶቹ አርማውን በመቀስ ቆርጠው፣ ከመካከሉ ቀዳዳ ያለው ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1990 ቀዳዳውም አርማውም ቀረ።

እኔ እዚህ ከመጣሁ በኋላ በዓይኔ ያየሁት ለውጥ በ2006 የዓለም ዋንጫ ጊዜ የሆነው ነው። ከዚያ በፊት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ባንዲራ የሰቀለ ጀርመናዊ በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። በዚያ ሰኔ ግን በየመኪናው መስኮት ላይ ትንንሽ ባንዲራ በቀለ። እኔም እንደ ሰዉ ሁለት ገዝቼ በታክሲዬ ላይ ሰካሁ። አንዲት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ከባቡር ጣቢያ ተሳፍረው ትንሽ ከሄድን በኋላ፦ «ልጄ፣ ቀለሙ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ብዙ ባንዲራ አንድ ላይ ሳይ ሆዴን ይጨንቀኛል» አሉኝ። አውርጄ እሰጥዎት እንደሆነ ስጠይቃቸው፦ «የለም፣ አንተ ተወው። አንተ ከሆንክ ደስ ይለኛል» አሉ። እስከ ቤታቸው ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም። በ2013 የምርጫ ማታ አንጌላ ሜርክል ከአንድ የፓርቲያቸው ባልደረባ እጅ ትንሿን ባንዲራ ወስደው ከመድረኩ ሲያስወጡ በቴሌቪዥን ሳይ ትዝ ያሉኝ እኚያ እናት ናቸው።

ሽፋኑን በተመለከተ ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ የልጅቱን ሥራ ተቀብሎ አሁን በእጃችሁ ይገኛል። ቀለማቱን ያወዳደረ ሰው እንደሚያየው ከእኛ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሁለቱ እዚህም አሉ፤ የተለየው አረንጓዴውና ጥቁሩ ብቻ ነው። ጋሼም ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብላቸው አድርገው፣ ቀጥለው ለኅትመቱ 50 ዩሮ አዋጥተዋል።

የአዳራሹ የባንዲራ ጉዳይ ግን ገና ነው፤ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ላይ ተይዟል። ከወጡት ሁለት ቤተሰቦች ለአንደኛው ባለፈው እሑድ ደውዬ ይህን ሁሉ ለባለቤትየው አጫወትኳቸው። ስለ ባንዲራው ምንም አላሉኝም። «የልጅቱን ሥዕል ላክልን፤ የእኛም ልጅ ሥዕል ጀምራለች» አሉ። በማግስቱ በፖስታ ልኬላቸዋለሁ።